የጀማሪ ብልሽቶች

ሰው ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ የሚከብደው ዝምታው አይደለም፤ ዝምታውንማ ሬዲዮ ይሸፍነዋል። የሚከብደው ቤት ሲገባ «ምነው ቆየህ?» የሚለው ሰው ማጣቱ ነው። ጡረታ የወጣው ሾፌር ይህን ካወቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ያን ሁሉ ዘመን ከጀርባው የሰው ድምፅ ተለይቶት አያውቅም ነበር፤ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ «ወራጅ አለ!» ትላለች። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት ማሽኗ ዛሬም መስኮቱ ሥር አለች፣ ሽፋኗን ለብሳ። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ሰው ሁሉ «ሽጣት፣ ቦታ ይዛ ምን ታደርግልሃለች» ብሎት ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ቀን የሱሪው ጫፍ ተተረተረ። ልብስ ሰፊ በየመንገዱ ሞልቷል፤ እሱ ግን «የእሷ ማሽን ቤት ተቀምጣ የሰው ደጅ አልጠናም» ብሎ ሽፋኑን ገለጠና ተቀመጠ። ገና ስፌቱን ሳይጀምረው መርፌውን ሰበረ። ከመሳቢያው ሌላ መርፌ አውጥቶ ተካ። ከዚያ በኋላ ማሽኗ ሁለት ትሰፋለች፣ ሦስት ትዘላለች፤ ሁለት ትሰፋለች፣ ሦስት ትዘላለች።

በሌላ ከተማ ለምትኖር ሴት ልጁ ደወለላት።

«አባዬ ሙት፣ እኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባትም አላውቅም» አለችው እየሳቀች። «ቆይ፣ የስፌት ማሽን የሚጠግኑ ሰዎች ግሩፕ አለ። ሊንኩን ልላክልህ፣ እዚያ ጠይቅ። ስብሰባ ልገባ ነው፣ እሺ?»

ላከችለት። ሊንኩን ሲነካው ስልኩ ስም ጠየቀው። እውነተኛ ስሙን ለማያውቀው ሰው መስጠት ደስ አላለውም፤ «ጀማሪ» ብሎ ጻፈና ገባ። በስልሳ ስምንት ዓመቱ ጀማሪ! ለብቻው ፈገግ አለ።

ከዚያም ወግ እንደሚያውቅ ሰው መጻፍ ጀመረ። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራስ እንዴት ይዟችኋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከጉልበቴ በቀር። ይህን በአምስት መልእክት ከፋፍሎ ላከው። ስድስተኛውን ሊጽፍ ሲል አምስቱም ከፊቱ ድርግም ብለው ጠፉ። በቦታቸው አንድ መስመር መጣ፦

«ጀማሪ፣ ደንቡን አንብብ። — ብሎን»

ብሎን የግሩፑ አድሚን ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም፤ ፎቶው ላይ ያለው አንድ የዛገ ብሎን ነው። ደንቡን የጻፈውም እሱ ነው። ሾፌሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ሰላምታ አታብዛ ይላል፤ ሰባት መቶ ሰው ነን፣ ሁሉም ሰላም ካለ ጥያቄው ይጠፋል። ከመጠየቅህ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆት እንደሆነ ፈልግ። ፎቶ አንሳ። ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሞከርክ ተናገር። የምትመልስ ደግሞ በእጅህ ሠርተህ ያየኸው ይሁን ግምትህ ለይተህ ጻፍ፤ ግምትን እንደ እውቀት አድርጎ የሚያወራ የሰው ማሽን ይገድላል። የግል መልእክት የተዘጋ ነው፤ የማይረባ ዕቃ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች በዚያ በኩል ስለሚገቡ። ችግርህ ሲፈታ ተመልሰህ እንዴት እንደተፈታ ሳትነግረን አትጥፋ። የመጨረሻው በደማቅ ተጽፏል፦ የሌለ ብልሽት የጠየቀ ይወጣል፣ አይመለስም።

«የሰው ሰላምታ የሚያጠፋ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?» ብሎ ተቀየመ። ግን ሱሪው እንደተተረተረ ነው። እንደ ደንቡ አድርጎ ጻፈ፤ ፎቶም አነሳ። ስድስት ደቂቃ ቆይቶ መልስ መጣ።

«የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወዴት ዞሯል?»

መርፌ ጠፍጣፋ ጎን እንዳለው እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። «ወደ ግራ» አለ።

«ወደ ኋላ አዙረህ ግጠመው። አንድ ስንዝር ያህል ስፋና ምን እንደሆነ ንገረኝ። እየጠበቅኩ ነው።»

እየጠበቅኩ ነው! ይቺን ቃል ሦስት ጊዜ አነበባት። አያችሁ፣ ያ ሰው የሚጠብቀው የሱሪ ጫፍ እንደሆነ ሾፌሩ አጥቶት አይደለም። ቢሆንም አንድ ሰው የሆነ ቦታ ስልኩን ይዞ የእሱን ወሬ እየጠበቀ ነው። ደግሞስ «አንተ» ብሎታል። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» እያለ ከመንገድ ገለል ብሎ ያሳልፈዋል። አክብሮት መልካም ነው፤ ግን አክብሮት ቆሞ ያሳልፋል እንጂ አብሮ አይቀመጥም።

ስንዝር ሰፋ። አልዘለለችም። «ሠራ!» ብሎ ጻፈ። ብሎን ከጥያቄው ጎን «ተፈታ» የምትል አረንጓዴ ምልክት አደረገበትና ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

በማግስቱ ሾፌሩ ግሩፑን ከፈተ። የሚጠብቀው የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም። ማሽኗን ዞር ብሎ አያት፤ ቀጥ ብላ፣ ደህና ሆና ተቀምጣለች። ጤነኛ ነገር እንደዚያ ቀን አስጠልቶት አያውቅም። ተነሥቶ ካቻቢቴ አመጣ።

*

ሁለተኛውን ብልሽት እንዲህ አድርጎ በእጁ ሠራው። ጨርቁን የሚስቡትን ጥርሶች ብሎናቸውን አላልቶ ዝቅ አደረጋቸውና «ጨርቁ አልሄድ አለኝ» ብሎ ጠየቀ። አልዋሸም እኮ፤ ጨርቁ በእርግጥ አልሄድ ብሏል። ብሎን ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮት ዋለ። ሦስተኛው የቺንጋው መላላት ነበር፣ አራተኛው ፔዳሉ። እየሰነበተ የሚያበላሸውን ነገር ለማግኘት ማሽኗን ብልት በብልት አወቃት። ከሚያበላሸው ሁሉ ለጥያቄ የሚሆነው ግማሹ ነው፤ ፎቶ ላይ የማይታየውን ተመልሶ እያስተካከለ ይተወዋል።

አጠያየቁ እያማረ ሄደ። ፎቶ ከሦስት አቅጣጫ፣ የሞከረውን በተራ በተራ። ብሎን አንዱን ጥያቄውን ከደንቡ ሥር ሰቀለው፦ «ጥያቄ እንደ ጀማሪ ነው የሚጠየቀው።» ሾፌሩ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ሙሽራ ፊቱ በርቶ ዳቦ ሊገዛ ወረደ፤ ዳቦ ሻጯ «ጋሼ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለችው። ምን ብሎ ይንገራት?

ግሩፑ ውስጥ «ዘይት አድርግ» የሚሉት አንድ ሰው አለ። የመጣው ጥያቄ ምንም ይሁን ምን መልሱ ያው ስለሆነ ስሙም እሱው ሆኖ ቀረ። ይህ ሰው አንድ ጊዜ፦

«ጀማሪ፣ ይቺ ማሽንህ ግን ተረግማለች? ጠበል ውሰዳት እንጂ!» አለው።

«አሮጌ ናት፣ ምን ታድርግ» ብሎ መለሰ።  የሚስቱን ማሽን ስም በሐሰት አጠፋ። ስልኩን አስቀምጦ በመዳፉ አናቷን አበሰና «ማሪኝ» አላት። ለማን እንዳለው እሱም አላወቀ።

በዚያው ሰሞን አንድ አባል ከኢንተርኔት የወሰደውን ፎቶ የራሴ ነው ብሎ ጠየቀ። ብሎን ደርሶበት፦ «እዚህ ማንም ደመወዝ የለውም። የምንሰጠው ጊዜያችንን ነው። ጊዜ የሰረቀ አይመለስም» ብሎ በሁሉም ፊት አስወጣው። ሾፌሩ ይህን አነበበ። በዚያች ቀን ምንም አልጠየቀም። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ግን ካቻቢቴው ከእጁ ገባ፤ እንዴት እንደገባም አልነግራችሁም፣ ብቻውን የዋለ ያውቀዋል።

*

አሥራ አራተኛው ብልሽት የወደቀው ሐሙስ ቀን ነው።

የማሽኗን የታች ክዳን ፈትቶ፣ ብሎኖቹን በሳህን ሰብስቦ፣ ውስጥ ያለውን አንድ ብረት አላላው። ስትዞር ቋ፣ ቋ፣ ቋ ትላለች። ድምፁን ቀድቶ ላከ። ይህኛው ጉድ አሰኘ። ስምንት ሰው ተሰበሰበበት። ብሎን የራሱን ማሽን ገልብጦ ፈታና ድምፁን እያነጻጸረ ፎቶ ይልክ ጀመር። «ዘይት አድርግ» ዘይት አድርግ አለ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ በመሀል አንድ ጥያቄ ገባ። የጠየቀችው ስሟን «የመንታ እናት» ያለች ሴት ናት።

«ስለ ፈጣሪ እርዱኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው፣ ነገ ጠዋት ይወስዱታል፣ አሥራ ዘጠኝ ሸሚዝ ይቀረኛል። ክሩ ከጨርቁ ሥር ተጎንጉኖ የወፍ ጎጆ ሆነብኝ። እንደ አዲስ ክር አስገባሁ፣ መርፌ ቀየርኩ፣ አልሆነም። ይህን ሥራ ካላደረስኩ ሁለተኛ አይሰጡኝም።»

«የክር ማጥበቂያውን አጥብቂ» አላት አንዱ።

«አጥብቄያለሁ።»

«በደንብ አጥብቂ።»

«ዘይት አድርጊ!»

«እህቴ ፎቶ የለም፣ ደንቡን አንብቢ» አለ ሌላው።

ብሎንም፦ «የመንታ እናት፣ አንድ ጊዜ ጠብቂ። የጀማሪን ይዘናል፣ ቀድሞ ጠይቋል» አለ።

ሾፌሩ ይህን አነበበ። ለምግብ በሚሰለፉበት ቦታ ጠግቦ ሳለ ከፊት የቆመ ሰው ሆነ። ወዲያው፦ «የእኔ ተስተካከለ። የላላ ብሎን ነበር፣ አጠበቅኩት» ብሎ ጻፈ። ማሽኗ እፊቱ ሆዷ ተዘርግፎ ተጋድማለች።

«የትኛው ብሎን?»

«ከመሀል ያለው።»

«ጥሩ። በርታ» አለ ብሎን፤ ምልክቱን አደረገ። ቀጥሎም፦ «እኔ ሥራ መግቢያዬ ደርሷል። ጠዋቱን ሁሉ እዚህ ላይ አጠፋሁት። የመንታ እናት፣ ማታ ስወጣ አይልሻለሁ።»

«ማታ ምን ይረባኛል?» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ተመለከተ። አንዱ ከላይ ይነግራታል፣ አንዱ ከታች። አጥብቂ ሲሏት አጠበቀች፣ ክሩ መበጠስ ጀመረ። አላልቺ አሏት፣ ጎጆው ባሰበት። የወፍ ጎጆውን ፎቶ አንስታ ላከች። ያንን ጎጆ ሾፌሩ ያውቀዋል። ከወር በፊት በገዛ እጁ ሠርቶታል። ክሩን በሚይዙት ሁለት ትናንሽ ክብ ሳህኖች መካከል ቁራጭ ክር ጎስጉሶ ነበር፤ ሳህኖቹ አልገጥም ሲሉ የላይኛው ክር የሚይዘው አጥቶ ከሥር ይጎነጎናል። ማጥበቂያውን ቢያጠብቁት ዋጋ የለውም። ያኔ ከውጭ ስለማይታይ ለጥያቄ አልሆን ብሎት ተወው። ይህን ከሰባት መቶ ሰው መካከል አሁን የሚነግራት ከእሱ በቀር የለም።

ጻፈ፦ «በማጥበቂያዋ ሳህኖች መካከል ቁራጭ ክር ገብቶ ይሆናል። ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንሺ፣ ማጥበቂያውን አላልቺ፣ ጨርቅ አጥፈሽ በመሀላቸው ወዲያና ወዲህ ሳቢው።»

«ጀማሪ ደግሞ መላሽ ሆነ!» አለ አንዱ። «ትናንት የመርፌ ፊትና ጀርባ የማይለይ።»

የመንታ እናት መለሰች፦ «ወንድሜ፣ ስድስት ሰው ስድስት ነገር አስነክቶኝ የበፊቱም አምሮኛል። በእጅህ ሠርተህ ያየኸው ነው ወይስ ግምት? ግምት ከሆነ ይቅርብኝ፣ ሌላ አልነካም።»

ሾፌሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ተነሣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ግምት ነው ቢል አትነካውም። ሠርቼ አይቻለሁ ቢል እንዴት ብለው ይጠይቁታል፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ እዚያው ተሰቅለው ይህ ከመካከላቸው የለም። የእሷ ሥራ ከአሥራ ዘጠኝ ሸሚዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የእሱ ኑሮ ደግሞ ከዚህ ግሩፕ ላይ። ከዚህ ቢወጣ «ምን ሆነ? ንገረኝ» የሚለው ማን አለ?

«በእጄ ሠርቼ ያየሁት ነው» ብሎ ጻፈ።

«እንዴት? መቼ?» አለ ያ የቀለደው።

«ክሩን የጎሰጎስኩት እኔው ነኝ። ሆን ብዬ። እህቴ፣ አሁኑኑ ሳቢው፣ ጊዜ አታጥፊ።»

 ከዚያ ወረዱበት። «ምን ማለት ነው ሆን ብዬ?» «ታዲያ የዛሬው ቋቋታስ?» «ብሎን! ብሎን የት ነው?»

ብሎን ከሥራ ቦታው ሆኖ ገባ። «ጀማሪ፣ ስንቱ ነው?»

«ከመጀመሪያዋ በቀር ሁሉም። አሥራ ሦስቱም።»

«የዛሬውም?»

«የዛሬውም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ማሽኔን ፈትቼ ነው የወጣሁት» አለ ብሎን። «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ልሁን ብለህ ነው? ተማሪ ነህ? መቀለጃ ልታደርገን ነው?»

«የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ማሽኗ የሚስቴ ነበረች። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሁሉም ይቺን አነበቡ መሰለኝ፣ ስድቡ ቆመ። «ዘይት አድርግ» ሊጽፍ ይጀምርና ይተዋል፣ ይጀምርና ይተዋል፤ ስልኩ ላይ ይታያል። ብሎንም ዘግይቶ መጣ። ሲመጣ አነጋገሩ ሌላ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ አላወቅኩም ነበር። ቢሆንም ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ለእርስዎ ብዬ ብተወው ያን ፎቶ የሰረቀውን ልጅ ለምን አስወጣኸው ይሉኛል።»

«ልክ ነህ» አለ ሾፌሩ። ስድቡ አላመመውም ነበር። ይህ ግን አመመው።

«ግን ጠያቂዋ ውጤቱን ሳትነግረን መላሹ አይወጣም። እስክትመጣ ይቆዩ።»

ጠበቀ። ከመስኮቱ ማዶ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዱ መኪና ጡሩንባ ይነፋል። እንድትዘገይ ተመኘ፤ ደግሞ ወዲያው በራሱ አፈረ። አሥራ ዘጠኝ ሸሚዝ ይጠብቃታል። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት። ምናልባት አልሠራላት ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው።

«ሠራ!!» ብላ መጣች። «ቀይ ቁራጭ ክር ወጣልኝ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደነበር እንጃ። ሰፋሁት፣ እዩት።» ፎቶ ላከች፦ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ። «አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። አሁን ወሬ የለኝም፣ ልሩጥ።»

«አይዞሽ፣ ሩጪ» ብሎ ሊጽፍ ጀመረ። «ሩጪ» ላይ ሲደርስ መጻፊያው ከሥሩ ጠፋ። «የዚህ ግሩፕ አባል አይደሉም» የሚል ብቻ ቀረ።

ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው።

እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ አይነጋለትም አይመሽለትም፤ ስለዚህ ማሽኗን መግጠም ጀመረ። ያላላውን ብረት አጠበቀ። የታች ክዳኗን መለሰ። ብሎኖቹን ከሳህኑ እያነሣ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው አስገባ። ጨርሶ ሲያበቃ ሳህኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ብሎን ቀርታለች።

ቆጠረ፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሞልተዋል። ክዳኗን ፈትቶ እንደገና ገጠመ። አሁንም ቀረች። ማዞሪያውን በእጁ ቢሞክረው ግማሽ ሄዶ ቀጥ አለ፤ አልንቀሳቀስም አለ። የብሎኗን ፎቶ አነሣ፣ ከሦስት አቅጣጫ። የሞከረውን በሐሳቡ በተራ ደረደረ። ስልኩን ካነሣ በኋላ ነው የሚልክበት እንደሌለ ትዝ ያለው። ከስንት ወር ወዲህ እውነተኛ ጥያቄ ያገኘው አሁን ነበር።

ብሎኗን በመዳፉ ጨብጦ ወጣ። የእሱን ጨምሮ በዚያ ፎቅ ላይ አራት በሮች አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሲኖር እነማን እንደሚኖሩባቸው የምታውቀው ሚስቱ ነበረች፤ ማን ካቻቢቴ እንዳለው፣ ማን የሰው ጥያቄ እንደሚሰማ እሱ አያውቅም። ደረጃው ላይ ሽንኩርት የሚጠበስ ሽታ አለ። ከአንዱ በር ሥር ብርሃን ይታያል፣ የቴሌቪዥን ድምፅም ይሰማል። እዚያ ሄዶ ቆመ። ተመልሶ ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደ። ተመለሰና አንኳኳ።

ቴሌቪዥኑ ዝቅ አለ።

«ማነው?» አለ የወንድ ድምፅ ከውስጥ።



«ጎረቤት ነኝ» አለ። ቆየት ብሎም፣ «ጥያቄ ነበረኝ» አለ።

የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ ሲመጣ ተሰማው።